መንታ በአንድ የእንግዴ ልጅ፦ ሌዘሩ የሚተኩሰው ምኑን ነው?

ሬዚደንቱ

ጤና ይስጥልኝ። ጽንስ ሕክምና ላይ የምትሠሩ ወይም አልትራሳውንድ ይዛችሁ የምትውሉ ካላችሁ ብትረዱኝ። አንድ የእንግዴ ልጅ በሚጋሩ መንትዮች መካከል ደም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያደላ፣ ቲቲቲኤስ የምንለው ማለት ነው፣ በሌዘር ይታከማል ይባላል። መማሪያ መጽሐፎቹ ግን በአንድ አንቀጽ አልፈውት ይሄዳሉ።

ለመነጋገሪያ ያህል ይህን እንያዝ። እርግዝናው 20 ሳምንት ከ3 ቀን። የእንግዴ ልጁ አንድ፣ ከረጢቱ ሁለት። በአንደኛው ከረጢት ጥልቁ የሽርት ውሃ ኪስ 11 ሴ.ሜ፣ በሌላኛው 1.5 ሴ.ሜ። ውሃ ያነሰበት ልጅ የሽንት ፊኛው አይታይም። የእትብት ዶፕለር፣ በአልትራሳውንድ የሚታየው የደም ፍሰት ማለት ነው፣ በሁለቱም ደህና ነው። የእንግዴ ልጁ ያለው ከፊት በኩል ነው። የሕመሙን ክብደት በደረጃ በሚከፍለው በኲንቴሮ አከፋፈል ደረጃ 2 እንደሚባል አውቃለሁ።

የማይገባኝ የሚከተለው ነው። ውሃውን መቅዳት ብቻውን ለምን አይበቃም? የሚተኮሰው የትኛው ደም ሥር ነው? ባለሙያው ያ መሆኑን በምን ያውቃል? የእንግዴ ልጁ ከፊት ሆኖ መንገዱን ሲዘጋስ መግቢያው በየት ነው? ሪፈር ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ ቢመጣ የሚቀበለው ቡድን ሥራው ይቀለዋል?

ባለፌቶስኮፕ

ከውሃው እንጀምር። ዓይን ውስጥ የሚገባው ውሃው ስለሆነ ሁሉም የሚያክመው እሱን ነው። ሕመሙ ያለው ግን የእንግዴ ልጁ ገጽ ላይ ነው።

አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንትዮች ሁሉም ለማለት ይቻላል ደም ሥራቸው ይገናኛል። መገናኛው ሦስት ዓይነት ነው፦ ደም ቅዳ ከደም ቅዳ፣ ደም መልስ ከደም መልስ፣ ደም ቅዳ ከደም መልስ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ በገጹ ላይ ተዘርግተው ስለሚሄዱ ደሙ እንደ ግፊቱ ወዲያም ወዲህም ይላል። ሦስተኛው ወደ ውስጥ ይጠልቃል። የአንዱ ልጅ ደም ቅዳ ኮቲሊዶን በሚባለው የእንግዴ ልጁ ክፋይ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያው ኮቲሊዶን ደሙን ይዞ የሚወጣው ደም መልስ ግን የወንድሙ ነው። ይህ መመለሻ የሌለው የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። የሄደው ደም በሌላ መገናኛ ካልተካካሰ ሚዛኑ ይዛባል። ከእነዚህ መንትዮች ውስጥ ከ100 ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ብቻ የሚታመሙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ደም ቅዳ ከደም ቅዳ የሚገናኝበት ሰፊ መንገድ ያላቸው የሄደው ደም በዚያ በኩል ይመለስላቸዋል።

ደም የሚያጣው ልጅ ኩላሊቱ ውሃ መቆጠብ ይጀምራል፣ ሽንቱ ይቆማል። በዚህ ዕድሜ የሽርት ውሃ ማለት በአመዛኙ የጽንሱ ሽንት ስለሆነ ከረጢቱ ይደርቅና ሽፋኑ ገላው ላይ እንደ ላስቲክ ይለጠፋል። ደም የሚበዛበት ደግሞ ሽንቱ ይበዛል፣ ልቡ ይወጠራል፣ የልብ ጡንቻው ይወፍራል፣ በቀኝ ልቡ ያለው ትራይከስፒድ ቫልቭ ማፍሰስ ይጀምራል። አንዳንዱ ላይ ወደ ሳንባ የሚወስደው መውጫ እየጠበበ ይሄዳል። ሁለቱም ይጎዳሉ፤ አትራፊ የለም።

ውሃ መቅዳት የተነፋውን ማህፀን ያስተነፍሳል እንጂ መንገዱን አይዘጋም። በ2004 የወጣው ዩሮፌተስ የተባለው ጥናት ይህን ለይቶ አሳየ። 142 እናቶች በዕጣ ተመደቡ። ቢያንስ አንድ ልጅ እስከ 28ኛ ቀኑ የቆየላቸው በሌዘር 76 በመቶ፣ ውሃ በመቅዳት 56 በመቶ ነበሩ። አንጎል ላይ የሚወጣው የነጭ አካል ጉዳትም በሌዘር 6፣ በመቅዳት 14 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ስለጎላ ጥናቱ ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። ዛሬ ልምድ ባላቸው ማዕከላት ቢያንስ አንዱ የሚተርፈው ከ10 እርግዝና በ9 ገደማ ነው፤ ሁለቱም የሚተርፉት ከ3 በ2 ገደማ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ሥራው በአብዛኛው ከ16 እስከ 26 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሠራል። እናቲቱ ነቅታ ትተኛለች፤ የሆድ ቆዳው እስከ ማህፀኑ ግድግዳ በሊዶካይን ይደነዝዛል፣ ማረጋጊያ ይጨመርላታል። አንዳንድ ቦታ በወገብ ማደንዘዣ ይሠራሉ። ቀድሞ አንድ ዙር ፀረ ባክቴሪያ፣ ብዙ ጊዜ ሴፋዞሊን 2 ግራም፣ ከዚያ ማህፀኑ እንዳይቆጣ ኢንዶሜታሲን ወይም ኒፌዲፒን ይሰጣል። ጁሊያን ደ ሊያ በ1990 የመጀመሪያዎቹን ባሳተመ ጊዜ ሆድ ተከፍቶ ነበር የሚገባው። በ1995 ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የቪልና የኒኮላይደስ ቡድን በቆዳ ላይ በመርፌ ያህል ቀዳዳ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ መሥራት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ሆድ የሚከፍት የለም።

ቱቦው ከ7 እስከ 10 ፍሬንች ነው፣ ማለትም ከ2.3 እስከ 3.3 ሚ.ሜ። በውስጡ የሚያልፈው ፌቶስኮፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚያሳየው ቀጭን መነጽር፣ 2 ሚ.ሜ ገደማ ውፍረት አለው፤ ገና በ16 እና 17 ሳምንት ላሉት 1.3 ሚ.ሜውን የሚመርጡ አሉ። ከጎኑ ባለው ቦይ ከ400 እስከ 600 ማይክሮሜትር የሆነች የሌዘር ክር ትገባለች። ምንጩ ዳዮድ ወይም ኤንዲ ያግ ነው፣ ኃይሉ እንደ ደም ሥሩ ውፍረት ከ20 እስከ 50 ዋት።

መግቢያው ሁልጊዜ ውሃ በበዛበት ከረጢት ነው፤ በሌላው ውስጥ መንቀሳቀሻ የለም። ቱቦው ከመግባቱ በፊት የሁለቱ እትብቶች መነሻ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። በሁለቱ መነሻዎች መካከል በሐሳብ መስመር ይሰመራል። መገናኛዎቹ የሚገኙበት ወገብ ያንን መስመር የሚያቋርጠው ነው፣ ፌቶስኮፑም ያንን ወገብ ፊት ለፊት እንዲያይ ተደርጎ ይገባል። የሆድ ግድግዳው ደም ሥሮች በቀለም ዶፕለር ታይተው ይታለፋሉ።

«ያ መሆኑን በምን ያውቃል» ላልከው፦ ደም ቅዳ በደም መልስ ላይ ተሻግሮ ያልፋል፣ ከሥር አይሄድም። ቀለሙም ጠቆር ይላል፤ ጽንስ ላይ ኦክስጅን ያነሰው ደም በደም ቅዳው ነው ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው። በጤነኛ ኮቲሊዶን ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ጎን ለጎን ሄደው ጎን ለጎን ይመለሳሉ። መገናኛው ላይ ግን አንዷ ከቀኝ ሌላዋ ከግራ መጥተው አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥሙና አንድ ቀዳዳ ውስጥ ይሰምጣሉ። ያቺን ነጥብ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይስታትም።

ትልቁ የጥንት ስህተት ሁለቱን ከረጢቶች የሚለየውን መካከለኛውን ሽፋን ድንበር ማድረግ ነበር። ሽፋኑ በውሃው ግፊት ተገፍቶ ሄዷል፤ የደም ሥሩ ወገብ ሌላ ቦታ ነው። ሽፋኑን ተከትሎ ያገኘውን ሁሉ የሚተኩስ ሰው የዚያን የተጎሳቆለ ልጅ ጤነኛ ኮቲሊዶኖች አብሮ ይገድልበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደም ሥር ሽፋኑን ከሚሻገርበት ተነስቶ እስከ መጨረሻው በዓይን ይከተሉታል።

ክሯ ከደም ሥሩ 1 ሴ.ሜ ያህል ትርቃለች፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብላ ታያለች። ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ ርዝመት ነጭ እስኪሆን፣ በውስጡ ያለው ደም መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ይተኮሳል። ክሯ ደም ሥሩን ከነካች ወይም ኃይሉ በአንድ ነጥብ ከበዛ ትበሳዋለች፤ ውሃው በአንድ አፍታ ቀይ ይሆንና ምንም አይታይም። ያን ጊዜ መፍትሔው መቸኮል አይደለም። ሪንገር ላክቴት የሚባለውን ፈሳሽ ለብ አድርጎ እያስገቡ ውሃውን ማጥራት፣ ክሯን ራቅ አድርጎ ከተበሳው ዙሪያ መተኮስ ነው። ወፍራም ደም ሥር በአንዴ አይዘጋም፤ ከሁለት ሦስት ቦታ ያስፈልገዋል።

ቅደም ተከተሉም ጥቅም አለው። ብዙዎች መጀመሪያ ደም ከሚያጣው ወደሚበዛበት የሚወስደውን ደም ቅዳ ከደም መልስ ይዘጋሉ፣ ከዚያ የተቃራኒውን፣ በመጨረሻ ደም ቅዳ ከደም ቅዳና ደም መልስ ከደም መልስ። ሐሳቡ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ያ የደከመው ልጅ ሌላ ደም እንዳያጣ ነው።

ነጥቦቹ ካለቁ በኋላ በመካከላቸው ያለው ገጽ ከዳር እስከ ዳር በቀጭን መስመር ይያያዛል። ሰሎሞን የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ስሙ የንጉሡን ፍርድ ያስታውሳል፤ እዚህ የሚከፈለው ግን የእንግዴ ልጁ ነው። በ2014 በወጣው 274 እናቶች በገቡበት ጥናት መስመሩ ሲጨመር ታፕስ፣ በቀጫጭን መገናኛ ደም ቀስ እያለ የሚያልፍበት ሕመም፣ ከ16 በመቶ ወደ 3፣ የሕመሙ መመለስ ከ7 ወደ 1 በመቶ ወርዷል። ምክንያቱ በዓይን የማይታዩ ከ1 ሚ.ሜ ያነሱ መገናኛዎች ናቸው።

ፌቶስኮፑ ሲወጣ በዚያው ቱቦ ውሃው ጥልቁ ኪስ ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ እስኪሆን ይቀዳል።

ከፊት ላለው የእንግዴ ልጅ፦ እናቲቱ ወደ ጎን ታዘነብላለች፣ ቱቦው ከጎን ርቆ ወይም ከላይ ከማህፀኑ ጫፍ አጠገብ ይገባል። ቀጥተኛው ፌቶስኮፕ ወደ ጣሪያ ቀና ብሎ ማየት ስለማይችል የተቆለመመ መያዣ ወይም 30 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ ይወሰዳል። ያም ሆኖ ሌዘሩ በአግድም ስለሚመታ ደም ሥሩ በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል፤ መስመሩም አንዳንዴ አይሞላም። የእንግዴ ልጁን ወግቶ ማለፍ ግን መድማትና የእንግዴ ልጅ መላቀቅ ያመጣል። ሌላ መንገድ እያለ ማንም አይደፍረውም።

ፕሮብ

ባለፌቶስኮፕ ከቱቦው ጀምሮ ጽፏል፤ እኔ ከቱቦው በፊት ያለውን ልጨምር። ብዙው የሚበላሸው እዚያ ነው።

አንድ ወይስ ሁለት የእንግዴ ልጅ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከ11 ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሽፋኑ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ አጉሉት። የእንግዴ ልጅ ሥጋ እንደ ሽብልቅ በመካከል ከገባ ላምዳ ነው፣ ሁለት ናቸው። ሽፋኑ ክር መስሎ ቀጥ ብሎ ካረፈ የቲ ምልክት ነው፣ አንድ ነው። ምስሉን አትማችሁ ካርዷ ውስጥ አስቀምጡላት። በ20ኛው ሳምንት ላምዳው ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ የሚገምተው ሰው የሚገምተው በባዶ ነው። አንድ መሆኑ ከታወቀ ከ16 ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ትታያለች። በወር አንዴ የሚል ቀጠሮ ለሁለት የእንግዴ ልጅ መንታ ነው። ይህ ሕመም በ10 ቀን ውስጥ ከምንም ተነስቶ ደረጃ 3 ሊደርስ ይችላል።

ውሃው የሚለካው ጥልቁ ቀጥ ያለ ኪስ ነው እንጂ የአራቱ ማዕዘን ድምር አይደለም። ኪሱ ውስጥ እትብትም እጅ እግርም መኖር የለበትም። የቀለም ዶፕለር ጣል አድርጉበት፤ ውሃ የመሰለው ጥቁር ቦታ በእትብት የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ወሰኑ በአንዱ ከ2 ሴ.ሜ በታች፣ በሌላው ከ8 ሴ.ሜ በላይ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከ20 ሳምንት ወዲህ ከ10 በላይ ይላሉ። ሁለቱም ባንድ ላይ መሟላት አለባቸው።

ውሃ ያጣውና የማይንቀሳቀሰው ልጅ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ሽፋኑ ገላው ላይ ስለተለጠፈ አይታይም፤ ያየው ሰው «ከረጢቱ አንድ ነው» ብሎ ይጽፋል። ልጁን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ውሃ መሀል ያለ ልጅ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ይሄኛው ግን ከላይኛው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቲቱን በጎኗ አስተኟት። ካልተንከባለለ ተጣብቋል። በክንዱና በደረቱ መካከል ወይም በታጠፈው ጉልበቱ ሥር ሽፋኑ ብልጭ ሲል ትይዙታላችሁ።

ሁለተኛው ፊኛው ነው። አንዴ አይታችሁ «የለም» አትበሉ፤ ሸንቶ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ድገሙት። ቦታው ሲጠፋባችሁ የቀለም ዶፕለሩን ዳሌው ላይ አድርጉ፦ ሁለቱ የእትብት ደም ቅዳዎች ፊኛውን ግራና ቀኝ አቅፈው ነው የሚሄዱት። በመካከላቸው ጥቁር ነገር ከሌለ ፊኛው ባዶ ነው።

ዶፕለር ላይ ሦስቱን አትዝለሉ። የእትብት ደም ቅዳ ከነጻው ክፍል፣ ደክተስ ቬኖሰስ በሚባለው ወደ ልብ በሚያደርሰው ደም ሥር ኤ ሞገዱ ወደ ኋላ መሆን አለመሆኑ፣ የአንጎል መካከለኛ ደም ቅዳ ከፍተኛ ፍጥነት፤ ለመጨረሻው ማዕዘኑ ወደ ዜሮ የተጠጋ ይሁን። የማህፀን በር ርዝመት በሴት ብልት በኩል ይለካ፣ በሆድ በኩል የተለካ ቁጥር እዚህ አይጠቅምም።

ሪፈር ወረቀቱን በተመለከተ፦ የእንግዴ ልጁ ቁጥር በስንተኛው ሳምንት በምን ምልክት እንደታወቀ፣ ሁለቱ ኪሶች በሴ.ሜ፣ ሁለቱ ፊኛዎች፣ ከላይ ያሉት ዶፕለሮች፣ የሁለቱ ክብደት፣ የእንግዴ ልጁ ቦታ፣ የሁለቱ እትብት መነሻ፣ የማህፀን በር በሚ.ሜ፣ የእናቲቱ የደም ዓይነት ከአርኤች ጋር። ከዚህ በፊት ውሃ ተቀድቶ ከሆነ ቀኑና መጠኑ። «መንታ፣ ውሃ በዝቷል፣ ለተሻለ ሕክምና» የሚል ወረቀት ሥራውን እንደ አዲስ ያስጀምራል። ልጆቹንም «መንታ 1፣ መንታ 2» ብቻ አትበሏቸው፤ በማግስቱ ቦታ ይቀያየራሉ። «በእናቲቱ ቀኝ፣ እትብቱ ከዳር የተነሳ» ብላችሁ ጻፉ።

ሬዚደንቱ

እህቴ ፕሮብ፣ የፊኛው ነገር ብቻውን ዋጋ አለው፣ አመሰግናለሁ። ባለፌቶስኮፕ፣ ሁለት ነገር ልመለስ። ደረጃ 1 ሆኖ፣ ማለትም ፊኛው ገና እየታየ፣ እናቲቱ ምንም ካላመማትስ ወዲያው ይተኮሳል? ሌዘር የማይደረስበት ቦታ ላይስ ውሃ ቀድቶ መላክ ይሻላል ወይስ ሳይነኩ መላክ?

ባለፌቶስኮፕ

ደረጃ 1 ላይ ጠብቆ ማየት ተቀባይነት አለው። ኪሱ ካልሰፋ፣ እናቲቱ ትንፋሽ ካላጠራት፣ የማህፀን በሩ ካላጠረ በየሳምንቱ፣ ቢቻል ከዚያም ቀረብ አድርጎ ማየት። በ2021 በወጣ በዕጣ የተመደበ ጥናት የመዳን መጠኑ ወዲያው በተተኮሱትና በተጠበቁት መካከል ልዩነት አላሳየም። ነገር ግን ከተጠበቁት ከ10ሩ 6 ያህሉ ኋላ ሌዘር አስፈልጓቸዋል። ስለዚህ መጠበቅ የሚቻለው ማዕከሉ ቅርብ ለሆነላት እናት ነው። ሁለት ቀን የሚያስጉዝ መንገድ ካለ «ጠብቃችሁ እዩ» የሚለው ምክር ለእሷ አልተጻፈም።

ውሃ ስለመቅዳት፦ ሌዘር የመድረስ ዕድል ካለ አትንኩት። መርፌው ደም ካመጣ ውሃው ይደፈርሳል፣ በማግስቱ ፌቶስኮፑ ምንም አያይም። ሽፋኑ ከማህፀን ግድግዳ ይላቀቅና ቱቦው የሚገባበት ቦታ ይጠፋል። መካከለኛው ሽፋን ሳይታወቅ ከተቀደደ ደግሞ ደረጃውን በውሃ መለካት አይቻልም፣ እትብቶቹም ሊጠላለፉ ይችላሉ። እናቲቱ መተንፈስ ካቃታት ወይም ምጥ እየገፋ ከሆነ ግን ይቀዳል። 18 ጌጅ መርፌ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ከእንግዴ ልጁ ርቆ፣ ጥልቁ ኪስ ከ6 እስከ 8 ሴ.ሜ እስኪደርስ። ብዙ ሊትር ሊወጣ ይችላል። በችኮላ ከተጎተተ ማህፀኑ በድንገት ይሸበሸብና የእንግዴ ልጁ ይላቀቃል። ከ26 ሳምንት በኋላ ለሚመጣ ወይም ሌዘር ፈጽሞ ለማይደርሳት ያለው ምርጫ ይህ ነው፤ ውጤቱ ግን ከሌዘር ያነሰ መሆኑን ቤተሰቡ ማወቅ አለበት።

ከሥራው በኋላ ራስ ምታታችን የሽፋን መቀደድ ነው። ሽፋን እንደ ቆዳ አይድንም፣ የተበሳው እንደተበሳ ይቀራል። ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ከ34 ሳምንት በፊት ውሃ ይፈሳቸዋል። ቱቦው ቀጭን የሚመረጠው፣ ሁለተኛ ቀዳዳ የማይበሳውም በዚህ ምክንያት ነው። የማህፀን በሩ ቀድሞውኑ ከ25 ሚ.ሜ በታች የሆነች እናት አደጋዋ ከፍ ያለ ነው። ይህ ሌዘሩን አይከለክልም፤ ምክሩን ግን ይለውጠዋል።

እናቲቱንም አትርሱ። በዚህ ሁሉ ፈሳሽና ምጥ ማስታገሻ መሀል ሳንባዋ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ሪንገሩን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይመደብ፣ የገባውና የወጣው ይጻፍ።

ሲስተር ከጨቅላ ክፍል

ዶክተር፣ የኋላውን ክፍል እኔ ልጨምርልዎት።

ከሥራው በኋላ በ24 ሰዓት የሁለቱም ልብ ምት ይታያል። ከዚያ በየሳምንቱ አልትራሳውንድ። ደም ያጣ የነበረው ልጅ ፊኛው በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይታያል፣ ውሃውም ቀስ እያለ ይሞላል። ደም ይበዛበት የነበረው ልብ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ የሳንባ ቫልቩ እስከ ልደት መታየት አለበት።

ታፕስ የሚባለው ውሃው ላይ ምንም ለውጥ ሳይኖር ይመጣል። ከ1 ሚ.ሜ በታች በሆነ መገናኛ ደም ጠብ ጠብ እያለ ያልፋል፤ አንዱ ደም ያንሰዋል፣ ሌላው ደሙ እንደ ሽሮፕ ይወፍራል። የሚያዘው በአንጎል መካከለኛ ደም ቅዳ ፍጥነት ብቻ ነው፦ በአንዱ ከ1.5 ሞም (የዕድሜው መካከለኛ ልክ እጥፍ) በላይ፣ በሌላው ከ1.0 በታች። «ኪሶቹ እኩል ናቸው» ተብሎ ይህ ልኬት ከተዘለለ ሳይታወቅ ይወለዳሉ። በልደት ጊዜ አንዱ ነጭ ሌላው ቀይ ሆነው ይመጣሉ፤ የሄሞግሎቢን ልዩነታቸው ከ8 ግራም በዴሲሊትር ይበልጣል፣ የሬቲኩሎሳይት፣ የአዳዲስ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ንጽጽራቸው ከ1.7 በላይ ይሆናል። ሬቲኩሎሳይቱ የሚያስፈልገው በምጥ ሰዓት በድንገት ከደረሰ ደም መተላለፍ ለመለየት ነው፤ በድንገተኛው የደከመው ልጅ መቅኔ ገና አልነቃም። የእንግዴ ልጁን የእናት በኩል ገልብጠው ቢያዩት ግማሹ የገረጣ፣ ግማሹ የጠቆረ ነው። ከመጣሉ በፊት ፎቶ ይነሳ።

ከሌዘር በኋላ አንዱ ቢሞት ሌላውን ወዲያው ማስወለድ መፍትሔ አይደለም። መገናኛው ተዘግቶ ከሆነ ደሙ ወደ ሞተው አይፈስም። ሌዘር ሳይሠራ አንዱ ከሞተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ግፊቱ በወደቀበት ቅጽበት የቀረው ልጅ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፤ በ100 ወደ 15 የሚሆኑት አብረው ይሞታሉ፣ ከሚተርፉት ሩብ ያህሉ የአንጎል ጉዳት ይገጥማቸዋል። ጉዳቱ የደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ በማግስቱ ማስወለድ ያለጊዜ መወለድን ብቻ ይጨምርበታል። ኤምአርአይ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ቢነሳ ነው የሚያሳየው።

ልደቱ በአማካይ 32 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ከሌዘር የወጣች እናት ስቴሮይድና የጨቅላ ማቆያ ባለበት አካባቢ መቆየት አለባት፤ ከ32 ሳምንት በፊት ምጥ ከመጣ ማግኒዥየም ሰልፌትም አለ። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ከ34 እስከ 36 ሳምንት ባለው ይወለዳሉ። ሲወለዱ ጣቶቻቸውን ቁጠሩ፤ መካከለኛው ሽፋን ተቀድዶ ከነበረ የሽፋን ክር ጣት ወይም እግር ላይ ተጠምጥሞ ሊገኝ ይችላል።

አስተርጓሚዋ

ከአሜሪካ ነኝ፤ ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ማስተርጎም ነው። ስለ ሕክምናው ከእናንተ በላይ የምጨምረው የለም፤ ቃላቱ ላይ ግን አለኝ።

«የእንግዴ ልጅ» የሚለው ቃል ውስጥ «ልጅ» አለበት። ስለ ሁለት ልጆች በሚወራበት ክፍል «የእንግዴ ልጁን እንተኩሳለን» ብሎ በፍጥነት ያለፈ አስተርጓሚ ቤተሰቡን አስደንግጦ ነው የሚወጣው። በስፋት ይነገር፦ «ልጆቹን አንነካም፤ የሚተኮሰው ከእትብታቸው ጋር የተያያዘው፣ ከወሊድ በኋላ የሚወጣው ነው።» ብዙ እናቶች «ኋላ የሚወጣው» ሲባል ወዲያው ይገባቸዋል።

መንትዮቹን በእንግሊዝኛው «ለጋሽ» እና «ተቀባይ» የሚለውም ቀጥታ አይሄድም። ለጋሽ በጎ ፈቃድ ያለበት ቃል ነው፤ አንዱ ልጅ ሌላውን እየጎዳ የሚመስላቸውም አሉ። «ደም የሚያንሰው» እና «ደም የሚበዛበት» ቢባል ማንም ጥፋተኛ አይሆንም፣ ሁለቱም መታመማቸውም ይሰማል። «ኦፕራሲዮን» ሲባል ደግሞ ሆድ መቀደድ ይታሰባል፤ ቀዳዳው ከ3 ሚ.ሜ ብዙም እንደማይበልጥ የቱቦውን ውፍረት እያሳዩ መናገር ይጠቅማል። በመቶኛ ከማውራት «እንዲህ ከሆኑ አሥር እናቶች ውስጥ» ብሎ መቁጠር ይሻላል።

ወደ ቤት ስትሸኝ የሚነገራትም እንዲሁ ተለይቶ ይነገር፦ ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ፣ ሆዷ በየጊዜው ጠጠር ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ። «ችግር ካለ ደውይ» የሚለው ብቻውን እናቶቻችንን ዝም ያሰኛቸዋል፤ ሰው አላስቸግርም ብለው ይቆያሉ።

ሬዚደንቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ። አንዱ ልጅ ብቻ በጣም ትንሽ ሆኖ ውሃው በሁለቱም ደህና ከሆነስ? ወይም ልብ የሌለው መንታ ሲገኝ? እነሱም በዚሁ ሌዘር ይሠራሉ?

ባለፌቶስኮፕ

እንደ ቲቲቲኤሱ በቀጥታ አይደለም፤ ሳይለያዩ ሪፈር ሲደረጉ እናያለን።

የመጀመሪያው የእንግዴ ልጁ እኩል ስላልተካፈለ ነው። ትንሹ ልጅ ከ10ኛ ፐርሰንታይል በታች፣ የክብደት ልዩነቱ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ይሆናል። የሚከፋፈለው በትንሹ ልጅ የእትብት ደም ቅዳ ዶፕለር ነው፦ በልብ ማረፊያ ጊዜ ፍሰት ካለ ዓይነት 1፣ ሁልጊዜ ከጠፋ ወይም ወደ ኋላ ከሄደ ዓይነት 2፣ አንዴ ኖሮ አንዴ ከጠፋ ዓይነት 3። ዓይነት 1 በክትትል ይቆያል። በሌሎቹ ላይ ሌዘር ይሞከራል፤ ግን ውሃው ስላልበዛ ለፌቶስኮፑ ቦታ የለም፣ ትንሹ ልጅም ከወንድሙ በመገናኛው ይደጎም ስለነበር መስመሩ ሲዘጋ የመሞት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ ሳይነገር ፈቃድ አይወሰድም።

ልብ የሌለው መንታ የሚኖረው ጤነኛው በደም ቅዳ ከደም ቅዳ እየገፋለት ነው፤ የእትብቱ ደም ቅዳ ፍሰት ወደ እሱ የሚሄድ ሆኖ ዶፕለር ላይ ከታየ ምርመራው አለቀ። እዚያ የሚዘጋው የእንግዴ ልጁ ገጽ አይደለም፣ የእሱ እትብት ሆዱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። 17 ጌጅ የሬዲዮ ሞገድ መርፌ በአልትራሳውንድ እየታየ ይገባል፣ ከመርፌው ጫፍ ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች ይዘረጋሉ፣ የቀለም ዶፕለሩ ላይ ፍሰቱ እስኪጠፋ ይሞቃል። መርፌው ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅና ዶፕለሩ ይደገማል፤ ሞቆ የተኮማተረ ደም ሥር ሲበርድ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል።